ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ስኳር

ጋሽ ዘውዴ የሞተ ዕለት ስኳሩ መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማውቀው። እኔ ሰመራ በስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ እሱ ደግሞ አዋሽ ተቀምጦ ጡረታውን የሚበላ የድሮ ባቡር ሠራተኛ ነበር። በመካከላችን የአንድ ቀን መንገድ አለ። ይሁን እንጂ ክንዱ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር የስኳሩን መጠን በየጥቂት ደቂቃው ለስልኩ ይነግራል፣ የሱ ስልክ ደግሞ ለእኔ ስልክ ያስተላልፋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤ ደህና የሚባል ቁጥር ነው፣ ከጎኑ ያለው ቀስትም አልወጣም አልወረደም። ጎረቤቱ ሐጂ ይማም ደውለው «ሲስተር፣ ያሸለበ መስሎኝ ነበር እኮ» ያሉኝ ከዚያ ሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ሴንሰሩ ሰውየው መሞቱን ስላላወቀ ከዚያም በኋላ ለትንሽ ጊዜ ቁጥር ሲልክ ቆይቷል። ያንን እኔ ከሱ ሒሳብ አላስገባውም።

የቆመችው ልቡ ናት። ለቅሶው ላይ ግን ሰው ሁሉ «ስኳር ገደለው» ሲል ዋለ። ሁለት ሦስቱን አርሜ ተውኩት፤ ለቅሶ ቤት ክርክር ደስ አይልም። ሃያ ስድስት ዓመት ከስኳር ጋር ግብግብ ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ካለፈ በኋላ ድሉን ለስኳር ሲሰጡበት መስማት ግን ያበሳጫል። ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ሰውየው በስኳር አልተሸነፈም።

አባቴና ጋሽ ዘውዴ አዋሽ ጣቢያ ላይ አብረው ሠርተዋል። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ዘውዴ ባቡር ይቀበላል፣ ያሳልፋል። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ በመሆኑ «አቦ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። «አንተ» እያልኩ የማወራውም በድፍረት አይደለም፤ እኛ የባቡር ሰፈር ልጆች ለጎረቤቶቻችን «እርስዎ» ማለት የጀመርነው ሌላ አገር ሄደን ስንሠራ ነው። እሱን እርስዎ ብለው ኖሮ ታማለች ብሎ ነበር ግንባሬን የሚዳስሰኝ።

አሮጌው ባቡር ሲቆም እሱም ጡረታ ወጣ። አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ያልፋል። አንድ ቀንም ሄዶ አላየውም። ጠዋት ጠዋት ግን የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶውን ሰክቶ ከቤት ይወጣ ነበር፤ የሚሄደውም ሐጂ ይማም ሻይ ቤት ድረስ ብቻ ነው፣ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ብብቱ ሥር ከመሥሪያ ቤቱ የቀረ ወፍራም መዝገብ አይጠፋም። ድሮ የባቡር መድረሻና መነሻ ሰዓት ይጻፍበት በነበረው ዓምድ ውስጥ አሁን ስኳሩን፣ የወጋውን ኢንሱሊንና የበላውን ይጽፍበታል። «ያልተመዘገበ ባቡር አልመጣም» ይል ነበር። ምግብም እንደዚያው ነው፤ ያልተመዘገበ ሙዝ አልተበላም።

አነጋገሩን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ስኳሩ ከፍ ሲል «ወደ አዲስ አበባ እየወጣሁ ነው» ይላል። ሲወርድ «ወደ ጅቡቲ» ነው። ደህና ሲሆን «አዋሽ ቆሜያለሁ» ይለኛል። በዚያ ሐዲድ ላይ ከባሕሩ ወደ ደጋ የሚወጣው ባቡር በኛ በኩል ነበርና የሚያልፈው፣ እንደሱ ዓይነቱን ሰው ሌላ ካርታ አታስተምረውም። ቀስ በቀስ እኔም ተጋባብኝ፤ ባቡር አይተው የማያውቁ የአፋምቦና የጭፍራ ታካሚዎቼን «ዛሬ ጅቡቲ ናችሁ፣ ቶሎ ጣፋጭ ቅመሱ» ማለት ጀመርኩ። የሚገርመው ይገባቸዋል።

ስልክ ስንነጋገር ሪፖርት ነው የሚያቀርበው፤ ማዘን ማጉረምረም የሚባል ነገር የለም።

«ሲስተር፣ ሁለት መቶ አሥር፣ ወደ አዲስ አበባ።»

«ምን በላህ?»

«ግማሽ ሙዝ።»

«ግማሽ ሙዝ እዚህ አያደርስም።»

«አቦ፣ ግማሹን ሁለቴ በላሁት።»

ከሴንሰሩ በፊት የነበረው ጭንቀት ግን እንዲህ የሚያስቅ አልነበረም። ስኳር ሲያንስ ሰው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፤ ያኔ ከረሜላውን ይፈልጋል። ብዙ ዓመት ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከጋሽ ዘውዴም ጠፋ። ስኳሩ አርባ ሲገባ እሱ ምንም አይሰማውም። ላብ ቢያልበውም ማን ልብ ይለዋል? አዋሽ በግንቦት የማያልበው ሰው ካለ እሱ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው።

በአንድ የግንቦት ቀትር፣ ባቡር ካለፈበት ዓመታት ያስቆጠረው ሐዲድ ዳር አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ ቆሞ አገኙት። ባቡር እያሳለፈ ነው። ሰው ተሰብስቦ ይስቃል፤ «ጋሽ ዘውዴ ዛሬ ጠጥቷል» ይላል። ሐጂ ይማም ከሻይ ቤታቸው ወጥተው ሰሙት፤ በፈረንሳይኛ ነው ትእዛዝ የሚሰጠው። የድሮ ባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ መቀላቀሉ አይገርምም። ሆኖም ሐጂ በጓደኝነታቸው ዘመን አንድ ነገር ለይተው ነበር፤ ዘውዴ አማርኛው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋበት ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ተመልሰው ገብተው አራት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ሻይ ይዘው መጡ። ዘውዴ ከሐዲዱ ዞር እንዲሉ በእጁ አዘዛቸው። ሐጂ አልተከራከሩትም።

«ባቡሩ ሳይደርስ ቶሎ ጠጣና ታሳልፈዋለህ» አሉት።

ጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባንዲራውን አየና «እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሐጂ ያን ቀን ባይወጡ ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፈው ያኔ ነበር፣ እሱም በጣም አጭር ይሆን ነበር።

ይህን የሰማ ጅቡቲ የሚኖር የእህቱ ልጅ ነው ሴንሰሩን መላክ የጀመረው። ሳንቲም የሚያህል ነጭ ክብ ነገር ነው፤ ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ቆዳ ውስጥ ትገባለች። ስኳር ሊወርድ ሲል ስልኩ ይጮኻል። ሁለት ሳምንት ያገለግልና ይጣላል፤ አንዴ ከተነቀለ ተመልሶ አይለጠፍም። ዘውዴ «ዘበኛዬ» ይለው ነበር። ዘበኛው የሚመጣው በድንበሩ ኬላ በገላፊ በኩል በከባድ መኪና ሹፌሮች እጅ ነው። ሰመራ መንገድ ዳር ቆሜ እቀበልና ፍሪጅ አስገባዋለሁ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አዋሽ እልከዋለሁ። ካርቶኑ ላይ «ከሠላሳ ዲግሪ በላይ አይቀመጥ» የሚል አለበት። በኛ አገር ሠላሳ ዲግሪ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነው። አንዳንዱ በመንገድ ተበላሽቶ ይደርሳል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይደርስም። ላብም ያላቅቀዋል፤ ዘውዴ የካልሲ ጫፍ ቆርጦ፣ የካልሲውን አንገት ክንዱ ላይ አጥልቆ ነበር የሚይዘው።

ለክትትል ወደ ሰመራ ሲመጣ ኬላ ላይ አንድ ፈታሽ ካልሲውን አይቶ «አባባ፣ ክንድዎ ላይ ምን ደብቀው ነው?» ቢለው፣ «ስኳር» አለ አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ሲሞላ እሱ አልሳቀም። ካልሲውን ገልጦ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ ቀስቱንና ቁጥሩን አንድ በአንድ አስረዳው። ፈታሹ በመጨረሻ «እናቴም አለባት» ብሎ የክፍላችንን አድራሻ ጻፈ። ከወር በኋላ ሴትየዋ መጣች።

አሁን ስለ ሐጂ ይማም ልናገር። የባቲ ሰው ናቸው። በጎልማሳነታቸው አዋሽ ወርደው ሱቅ ከፈቱ፣ ከሱቁ ጎን ሻይ ቤት ቀጠሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እህልና ስኳር በሚዛን ሸጠዋል። ሰው ለማጽናናት አንደኛ ናቸው፤ «አብሽር» የማይሉት ሐዘንተኛ የለም። አጠገባቸው አንድ ትልቅ ጆግ ውሃ አይጠፋም፤ ይጠጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይጠጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ደሴ ላይ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ቢያዩት ጎረቤት ሁሉ «ኧረ ሐኪም ይይህ!» ይለው ነበር። አዋሽ ላይ ግን ጥም የሁሉም ነው። ሐጂ ሙቀቱን ይረግማሉ፣ ሰውም አብሮ ሙቀቱን ይረግማል። ከስተው ልብሳቸው ሲሰፋም ሙቀቱ ነው የተባለው።

ዘውዴ ብቻ አላመነም። መዝገብ የሚይዝ ሰው አይደል? በቀን ስንት ጆግ እንደሚጠጡ ቆጥሯል። ከዚያ የግራ እግራቸው አውራ ጣት ሥር አንዲት ቁስል ወጣች፤ ወር አለፋት፣ አትድንም። «ተመርመር» ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። ባቲ ያሉት ታላቅ ወንድማቸው «ስኳር አለብህ» በተባሉ በዓመቱ እግራቸው ተቆርጧል። በሐጂ እምነት የወንድማቸውን እግር የቆረጠው በሽታው አይደለም፣ ምርመራው ነው። «አሏህ የሸፈነልኝን እኔ ምን አስገለጠኝ?» ይላሉ። እኔም አዋሽ በሄድኩ ቁጥር ሞክሬአቸዋለሁ። ሻይ ቀድተው፣ አመስግነው፣ ወሬ ለውጠው ነው የሚሸኙኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ባየው የጋሽ ዘውዴ ስኳር ሦስት መቶ አሥር ነው። አዲሱ ሴንሰር ሥራ የጀመረው በዋዜማው ነበር፤ ራሴ የላክሁለት፣ እጄ ላይ የነበረው የመጨረሻው። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሦስት መቶ አሥር ነህ!»

«አየሁት። አዲስ አበባን አልፌ ሱሉልታ ገብቻለሁ።»

«ምን በላህ?»

«ፓስታ።»

«በምን?»

«በዳቦ።»

«ሌላስ?»

«ሻይ።»

«ስኳር ጨመርክበት እንዴ?»

ከሩቅ የሰው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ «ሦስት ማንኪያ» አለኝ።

ሃያ ዓመት ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ነው። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም፤ ንዴት ቀደመኝ። ሐኪሙን አማክሬ ኢንሱሊኑን በአራት ዩኒት እንዲጨምር አዘዝኩት። «መዘገብኩ» አለ። በማግስቱም ያው ነው፤ ከምሳ በኋላ ሦስት መቶ አርባ። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም።

«ለመሆኑ እግርህ ላይ ቁስል አለ?» አልኩት።

«አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ክፍላችን ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። «ጋሼ፣ ይህን ቁጥርና ይህን ቁስል ይዘህ ቁጭ ካልክ እግርህ ይቆረጣል! መጀመሪያ ጣትህ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትህ፣ ቀጥሎ ጉልበትህ። እኔ እዚህ የማየው እሱን ነው። እግሩን የሚያጣው እኮ መታመሙን ያወቀ ሰው ሁሉ አይደለም፤ አውቆ ዝም ያለና ዘግይቶ የመጣ ነው። ዛሬ የታከመ ሰው በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ ገባህ?» ስድስት ዩኒት ጨመርኩለት። አሁንም «መዘገብኩ» አለና ዘጋው።

በአራተኛው ቀን ስክነቴ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ጠየቅኩት፤ ጣቱን ወግቶ በአሮጌው መለኪያ እንዲያይና ፎቶውን እንዲልክልኝ። ላከ። ዘጠና ስድስት ይላል። በዚያው ደቂቃ ስልኬ ላይ ያለው ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነው። በሌላ ጣት ድገመው አልኩት። ዘጠና አራት።

«ጋሼ፣ ሴንሰሩ የት ነው ያለው?»

«ሐጂ ክንድ ላይ።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በአራት ቀን ውስጥ በሌላ ሰው ስኳር ተመርቼ አሥር ዩኒት ኢንሱሊን ጨምሬበታለሁ፤ ያውም ስኳሩ ሲወርድ ምንም የማይሰማው፣ የሚያስጠነቅቀውን ዘበኛ ለሌላ የሰጠ ሰው ላይ። በገዛ እጄ የገደልኩት መስሎኝ ነበር። «ያዘዝኩህን ወስደሃል?» አልኩት።

«አቦ፣ ምን ሆኜ? በሰው ባቡር የራሴን ሐዲድ እቀይራለሁ እንዴ? መዘገብኩ አልኩሽ እንጂ ወጋሁ አልኩሽ?»

ከዚያ እንደ ልማዱ ሪፖርት አደረገልኝ። ሐጂን «ይቺ ዕቃ በገላፊ ሙቀት ተጠብሳ ነው የመጣችው፤ መበላሸቷን ለማወቅ ጤነኛ ሰው ላይ መሞከር አለባት» አላቸው። ሚዛን የሚፈተሸው በታወቀ ክብደት ነው፤ በሰፈሩ የታወቀ ጤነኛ ደግሞ ሐጂ ናቸው። ሐጂ ለጓደኛቸው ብለው እጅጌአቸውን ሰበሰቡ። ቁጥሩ ሲመጣ «በል፣ ተበላሽቷል» አሉት። እሱም «ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ። ከዚያ እኔ ስደውል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቀቀው።

«ምነው ለእኔ ብትነግረኝ?»

«ብነግርሽ 'ይምጡና ይታዩ' ትይኝ ነበር፣ በትሕትና። ለሱ ትሕትና አልጠቀመውም፤ አንቺም እኔም ሞክረናል። ለእኔ ግን ትጮኺያለሽ። ሦስቱንም ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሰማሽ። ሦስት ማንኪያ ያለውም እሱ ነው።»

«የእግሩንም ሰሙ?»

«እሱንማ ከሁሉም በላይ።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ምንም። ውሃ ጠጣ።»

ተናድጄበት ዘጋሁት። ስዘጋ ግን ውስጤ ደስታም ነበረበት፤ አልዋሽም። በማግስቱ ከሐጂ ክንድ ይመጣ የነበረው ቁጥር ድንገት ተቋረጠ። ዘውዴን ብጠይቀው «ሸልቅቆ ጣለው» ብቻ አለኝ። ተቆጥተው ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ቀን አልፎ ግን ሐጂ ይማም ብቻቸውን፣ ለማንም ሳይናገሩ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በባዶ ሆዳቸው ሁለት መቶ ሰማንያ ተገኘባቸው። ኪኒን ጀመሩ፣ ቁስላቸው በየሁለት ቀኑ ይታጠብ ጀመር፣ ሻያቸውን ያለ ስኳር ለመዱ። አራት ወር ፈጀ እንጂ ቁስሉ ዳነ። ለዘውዴ አዲስ ዘበኛ የደረሰለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከሞተ ድረስ በሐጂ ፊት «ያቺ ዕቃ ተበላሽታ ነበር» ከማለት አልተመለሰም።

እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አስተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። አዲስ ነርስ በመጣ ቁጥር ይህን ታሪክ እነግራለሁ፤ መደምደሚያዬም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልዝብ ቃል የማይሰማ ታካሚ አለ፣ ለሱ መጮኽ ሕክምና ነው። የአንድ ሰው እግር በስልክ ጮኼ አድኛለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ተኩራራሁ።

ለቅሶው ላይ ሐጂ ይማምን ያገኘኋቸው ድንኳኑ ጥግ፣ ከሰው ገለል ብለው ነው። ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። በሙያዬ የተነሳ ሰውን ሰላም የምለው ከእግሩ ጀምሬ ነው።

«እግርዎ እንዴት ነው ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም አሉ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ያኔ ሳላውቅ ጮኼብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ይቅርታ አልነበረም የፈለግኩት፤ ምስጋና ነበር።

«ያንቺ ጩኸት?» አሉ። ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ወላሂ ሲስተር፣ በሱ አይደለም የሄድኩት። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ካንቺ አብልጣ ጮኻብኛለች።»

«እና ቁጥሩን ነው ያመኑት?»

«ቁጥሩንማ የመጀመሪያውኑ ቀን አምኜዋለሁ። ሠላሳ ዓመት በሚዛን የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ የተበላሸ ሚዛን አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። ያ ግን ሁልጊዜ ወዳንድ ወገን ነበር። አውቄ ተውኩት። እንዲያው የመጣው ይምጣ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ወሰደዎት?»

ሐጂ የገዛ ጣቶቻቸውን አዩ።

«በአምስተኛው ቀን ዘውዴ ከሻይ ቤት ቀረብኝ። ረፋዱ ላይ ቤቱ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የሚደውል ሰዓት አቁሟል። ሰዓቱ ይጮኻል፣ እሱ ጣቱን ይወጋል፣ ያይና ይጽፋል፤ በየሰዓቱ። አሥሩም ጣቶቹ አብጠዋል። የሌሊቱንም መዝገብ አየሁት፣ አልተኛም። 'የራስህ ዘበኛ የታለ?' አልኩት። 'የእህቴ ልጅ እስኪልክ የለም' አለኝ። 'እኔ ላይ ያለውስ?' ብለው፣ ወደ መዝገቡ ዞረ። የመጨረሻው እሱ ነበር። እዚያው ሸለቀቅኩና ክንዱ ላይ ልለጥፍለት ታገልኩ፤ አልይዝ አለ። እሱ ይስቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ። 'ተወው ይማም፣ ልጁ ሌላ ይልካል' አለኝ። ሲልክ ለማን እንደሚያደርገው ገባኝ። ዘውዴን አውቀዋለሁ፤ ካልታከምኩ የሚቀጥለውንም እኔው ላይ ነበር የሚለጥፈው።»